መቶ ሠላሳ መርፌ፦ ሩማቲክ የልብ ሕመም እንደ ዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና ችግር



ዛሬ የምንነጋገርበት በሽታ መከላከያው ከታወቀ ሰባ ዓመት አልፎታል። በሽታው የሚመጣበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ተጠንቷል፤ መንገዱን ማቋረጥ የሚቻልባቸው ቦታዎች ተለይተዋል፤ ለዚሁ የሚያገለግለው መድኃኒትም በዋጋ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ወደ 55 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ በየዓመቱም ወደ 360 ሺህ የሚጠጉት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ሌሎቹ የልብ በሽታዎች በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ይህኛው በልጅነት ጀምሮ በድሃ አገሮች ሰውን ገና በጉብዝናው ይቀጥፋል።

ከተማሪዎቻችን መካከል፣ «ይህ የልብ ሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ለኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ምን ያደርግለታል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህን በሽታ እስከ ዛሬ ያቆየው የክትትል ጉድለት ነው የሚል ነው። አንድን ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ፣ በየአራት ሳምንቱ፣ ስሙን ጠርቶ የሚጠብቅ የጤና ሥርዓት በሌለበት፣ የልብ ሐኪም የሚያየው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው። የንግግሬ ሐሳብ ይኸው ሲሆን፣ የቀረው ለዚህ ማስረጃ ማቅረብ ይሆናል።

በሽታው የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጀንስ የተባለ ባክቴሪያ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሆነ ልጆች ላይ፣ የጉሮሮ ሕመም ያስከትላል። አብዛኛው የልጆች የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ የዚህ ባክቴሪያ ድርሻ ከመቶ ሃያ እስከ ሠላሳ ቢሆን ነው። እርሱም ቢሆን በጥቂት ቀናት ይተዋል። ልጁ ይነሣል፤ ይጫወታል፤ እናትም ትረሳዋለች። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን በጥቂቶቹ ላይ ትኩሳት ይመጣል፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን በተራ ያብጣሉ፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞራል። ሩማቲክ ትኩሳት የምንለው ይህን ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያሰናዳው መከላከያ ባክቴሪያውን የሚመስሉ የገዛ ራሱን ክፍሎች፣ ከሁሉም በላይ ልብን፣ መውጋት ይጀምራል። ይህ ሕመም መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል የሚል የቆየ የሐኪሞች አባባል አለ። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይሄዳል። የልብ በሮች፣ ቫልቭ የምንላቸው፣ ግን ይወፍራሉ፤ ይጣበቃሉ፤ ወይም መግጠም ይሳናቸዋል። ጉሮሮው በዚያው ባክቴሪያ እንደገና በታመመ ጊዜ ትኩሳቱ ሊያገረሽ ይችላል፤ ባገረሸ ቁጥርም ጉዳቱ በቀድሞው ላይ ይደረባል። የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ የልብ ምት መዛባትና ስትሮክ የሚመጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል። እነዚህ የአንድ በሽታ ሦስት ደረጃዎች በእኛ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ስሞች አሏቸው። የጉሮሮው ሕመም ቶንሲል ነው፤ ወይም እንጥል ወረደ ይባላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው የልብ ድካም ነው። ስሙ ሦስት በመሆኑ መፍትሔውም ሦስት ይሆናል፦ እንጥል ይቆረጣል፤ ቁርጥማት ይታሻል፤ የልብ ድካም ወደ ከተማ ሆስፒታል ይላካል። የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ ምልክት የሆነው፣ ልጁ ፊቱንና እጆቹን ያለ ፈቃዱ የሚያወራጭበት፣ የሲደንሃም ኮሪያ የሚባለው ሕመም ሲመጣማ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ ጠበል ቢሄድ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን ሁሉ የእናቶች አለማወቅ አድርጎ ማቅረብ በእኛ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሦስቱን የሚያያይዘው ክር በሳምንታትና በዓመታት ርቀት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ክሩን ማየት ለሐኪምም ይከብዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ዳኬት ጆንስ የምርመራ መመዘኛዎቹን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን፣ መመዘኛዎቹ ደጋግመው ቢሻሻሉም ዛሬም በአንድ የደም ምርመራ ብቻ «ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ነው» ማለት አይቻልም።

በሽታው የሞቃት አገር በሽታ ነው የሚለው አመለካከት ከታሪክ ጋር አይስማማም። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 20 ዓመት የሆኑትን በመግደል ቀዳሚው ሩማቲክ ትኩሳት ነበር። ልጆች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት፣ አልጋ ላይ እንዲተኙ የሚደረግባቸው ልዩ ሆስፒታሎች ነበሩ። ቁጥሩ መቀነስ የጀመረው ከፔኒሲሊን በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ቤት ሲሰፋ፣ በአንድ ክፍል የሚተኙ ሰዎች ሲቀንሱ፣ ምግብ ሲሻሻል፣ በሽታው ማፈግፈግ ጀመረ። ፔኒሲሊን ደግሞ ውድቀቱን አፋጠነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ በዋዮሚንግ ግዛት፣ ፍራንሲስ ዋረን በተባለው የአየር ኃይል ሰፈር፣ ቻርልስ ራመልካምፕና ባልደረቦቻቸው ጉሯቸውን የታመሙ ወታደሮችን በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ትኩሳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ሕክምናው ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠነኛው ቀን ቢዘገይ እንኳ የመከላከል ኃይሉን አያጣም፤ ይህም ለእንደኛ ያለ አገር፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ቀናት ለሚፈጅበት ቤተሰብ፣ ትልቅ ነገር ነው። ያው ሰፈር ሌላም ትምህርት ሰጥቶናል፦ ወታደሮቹ የሚተኙባቸው አልጋዎች በተቀራረቡ መጠን ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው የመተላለፉ ዕድል ይጨምር ነበር። የፔኒሲሊኑ ግኝት በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል፤ የአልጋው ርቀት ግን እምብዛም አይነሣም። ምናልባት መድኃኒትን ማዘዝ ቤትን ከማስፋት ስለሚቀል ይሆናል። በአንዲት የቀበሌ ቤት ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ ለሚተኛ ቤተሰብ ወይም በአንዲት ጎጆ ተጨናንቀው ለሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች የጉሮሮ ባክቴሪያ ምን ያህል የተመቸ መንገድ እንደሚያገኝ ለመገመት ልዩ እውቀት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የበለጸገው ዓለም በሽታውን ረሳው። እ.ኤ.አ. በ1985 ገደማ በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ አካባቢ፣ መካከለኛ ኑሮ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች መካከል እንደገና ብቅ ብሎ ሐኪሞችን አስደንግጦ ነበር፤ ድንጋጤው ግን ብዙ አልቆየም። መርሳቱ ዋጋ አስከፍሏል። ለምሳሌ ክትባቱን እንውሰድ። በ1960ዎቹ የተሞከረ አንድ የክትባት ናሙና በተከተቡ ልጆች ላይ ሩማቲክ ትኩሳትን ሳያባብስ አይቀርም የሚል ስጋት አስነሣ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ ባክቴሪያ ላይ የሚሠሩ ክትባቶችን ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ2006 ነው። ከሁለት መቶ በላይ ዝርያዎች ባሉት ባክቴሪያ ላይ ክትባት መሥራት ቀድሞውንም ከባድ ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ሲጠፋበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ዛሬም በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

ወደ ዛሬው ሥርጭት ልመለስ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሽታው የሚቆጠረው በጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ ሐኪሙ የልብ በር ሲያፏጭ ከሰማ ልጁ ታማሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን አካሄድ ከሥሩ ነቀለው። በሞዛምቢክ 2170 ልጆች ተመርምረው በማዳመጫ የተገኙት አምስት ሲሆኑ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም በኢኮ፣ የተገኙት ስልሳ ስድስት ነበሩ። ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በኬፕ ታውንና በጅማ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ተማሪዎች ላይ የተደረገ የኢኮ ጥናት ደግሞ በኬፕ ታውን ከሺህ ሃያ ያህል፣ በጅማ ከሺህ ሠላሳ አንድ ያህል ልጆች የበሽታው ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ገደማ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከሺህ አሥራ ዘጠኝ ያህል አግኝቷል። ሃምሳ ተማሪ በተቀመጠበት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እንደ ማለት ነው። ልጁ ይሮጣል፤ ኳስ ይጫወታል፤ ልቡ መጎዳቱን ግን እርሱም አያውቅም፤ መምህሩም አያውቅም።

በሽታው የሚከተለው ኬክሮስን ሳይሆን ድህነትን ነው። በአውስትራሊያ በነባሩ የአቦሪጂን ሕዝብ መካከል፣ በኒውዚላንድም በማኦሪና ከፓስፊክ ደሴቶች በመጡ ቤተሰቦች መካከል ያለው ሥርጭት በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። እነዚህ አገሮች የሠለጠነ ሆስፒታል ወይም ገንዘብ አላነሣቸውም። በዚያው ሀብታም አገር ውስጥ የተጨናነቀ ቤት፣ ሩቅ ሰፈርና የተቋረጠ ክትትል ግን አለ።

ኢኮው ያመጣው አዲስ ጥያቄም አለ። ምንም የማይሰማውን ልጅ ታመሃል ብሎ መርፌ ማስጀመር ይገባል ወይ? ለዓመታት ማስረጃ አልነበረም። በሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ አካባቢ፣ ድብቅ ሕመም የተገኘባቸውን 818 ልጆች በሁለት ከፍሎ ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት መልሱን ሰጠ። መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ከወሰዱት መካከል የልባቸው ሁኔታ የባሰባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ካልወሰዱት መካከል ግን ከመቶ ስምንት ያህል ነበሩ። ውጤቱ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ውጤት የሚያስገድደን ነገር አለ፦ ኢኮ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት ቀላል ሲሆን፣ የተገኘውን ልጅ ለዓመታት መርፌ ሳያቋርጡ መያዝ ከባድ ነው። መርፌው በመጋዘን ሳይኖር፣ መዝገብም ሳይከፈት ማጣራት ማካሄድ ለቤተሰብ ስጋትን ብቻ ማውረስ ይመስለኛል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የሚለዩ ባልደረቦች አሉ፤ ቁጥሩ ሳይታወቅ መንግሥትን ማንቀሳቀስ አይቻልም ይላሉ። ክርክሩ ይቀጥል፤ እኔ ግን የተመረመረ ልጅ ሁሉ ባለዕዳ ያደርገናል ባይ ነኝ።

ስለ ታመሙት ሰዎች ሁኔታ ከሁሉ የተሟላውን ሥዕል ያገኘነው ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ ከመሩት ሬሜዲ ከተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው። መዝገቡ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች 3343 ታማሚዎችን ይዟል። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሲሆን፣ ከሦስት ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። የመከላከያ ፔኒሲሊን ሲወስዱ የተገኙት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ አሥራ ሰባት ያህሉ ሞቱ። በገጠር ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 በላንሴት መጽሔት የወጣ አጭር ጥናትም በዓመት ከመቶ 12.5 የሚሆን ሞት መዝግቦ ነበር።

ከሬሜዲ ቁጥሮች ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ አንዱ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከነበሩት 1825 ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ከመቶ አራት አይሞሉም ነበር። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የልብ ምትም ይፈጥናል። የማይትራል በሯ የጠበበባት ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ምንም ሳትናገር ኖራ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሟ የሚገለጠው በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ሳንባዋ ውኃ ሲቋጥር ነው። በእናቶች ሞት ዝርዝር ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ የተተከለላት እንደሆነ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የምትወስደው ዋርፋሪን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ካልወሰደችው ቫልቩ ይዘጋል። ወጣት ሴት ቫልቭ ከመቀየሩ በፊት ስለ ልጅ መውለድ አብራ ልትማከር የሚገባት ለዚህ ነው፤ የእናቶች ጤና ክፍልና የልብ ክሊኒክ ግን በአብዛኛው በአንድ ግቢ እየኖሩ አይነጋገሩም።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። በ11 ዓመቷ ሩማቲክ ትኩሳት ያዛት እንበል። ልቧ ከተነካ መመሪያው ቢያንስ አሥር ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት፣ ከሁለቱ ረጅሙን፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንድትወጋ ያዛል፤ ጉዳቱ የከፋ ከሆነ እስከ 40 ዓመቷ ወይም ዕድሜ ልኳን። በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዓመት አሥራ ሦስት ጊዜ፣ በአሥር ዓመት መቶ ሠላሳ መርፌ። እያንዳንዱ መርፌ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ነው፤ መርፌው ይደፈናል፤ ቦታው ለቀናት ያማል። ልጅቷ ጤነኛ መስላ ሳለ ከትምህርት ቀርታ፣ አባቷ ከእርሻ ቀርቶ፣ ለትራንስፖርት ከፍለው ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ መድኃኒቱ አልቋል ይባላሉ። በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ። በሦስተኛው አይመለሱም። እኛ ደግሞ በካርዷ ላይ «ክትትል ያቋረጠች» ብለን እንጽፋለን። ያቋረጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል።

መድኃኒቱ የሚያልቀው ስለምን ነው? ፋብሪካዎች ከቤንዛቲን ፔኒሲሊን ብዙ አያተርፉም፤ የመድኃኒቱን ጥሬ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ድርጅቶች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲያቆም ችግሩ አህጉራትን ያዳርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ቢያንስ 39 አገሮች እጥረት እንደገጠማቸው አስታውቆ ነበር። ቂጥኝ ከእናት ወደ ፅንስ እንዳይተላለፍ የሚያድነውም ይኸው መድኃኒት በመሆኑ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሌላው ፍርሃት ነው። መርፌውን ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ የሞተ ሰው ወሬ በአንድ ወረዳ ከተሰማ፣ ነርሶች ለመውጋት ይፈራሉ፤ ቤተሰብም ይሸሻል። ሁሉም የፔኒሲሊን አለርጂ ነው ይል ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር ይህን አስተካክሎታል፦ በልባቸው ላይ ከባድ ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከሕመሙና ከፍርሃቱ ጋር ተያይዞ ልብ ሲከዳ የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለሆነም ለእነዚህ ሰዎች የሚዋጥ መድኃኒት ይመረጣል፤ የሚወጋ ሰውም በደንብ ውኃ ጠጥቶ፣ ተጋድሞ ይወጋ ይላል። ይህች ምክር ገንዘብ አትጠይቅም። በየጤና ጣቢያው መርፌ ክፍል ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ተጽፋ መለጠፍ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።

ስለ ቀዶ ሕክምና ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር ከሕዝብና ከበጎ አድራጊዎች ባሰባሰበው ገንዘብ ጭምር የተገነባ፣ የሚያኮራ ሥራ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ልጆቻችን በእስራኤል ሆሎን ከተማ ወደሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ አውሮፓ ተልከዋል። በካርቱም እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሳላም ማዕከል ከጎረቤት አገሮች የመጡትን ሁሉ በነጻ ያክም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በአንድ ማዕከል ላይ የተንጠለጠለ ተስፋ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አይተናል።

ቀዶ ሕክምናው ሲሳካም ሥራው አያበቃም። ብረት ቫልቭ የተተከለለት ወጣት ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል፤ የደሙም መቅጠን በየጊዜው መለካት አለበት። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ኃይል ያዳክማል፤ ፋሲካ ሲሆን አመጋገቡ ይለወጣል፤ መጠኑም አብሮ ይዛባል። መለኪያው በሌለበት ወረዳ ይህ ሰው በደም መርጋትና በደም መፍሰስ መካከል በጭፍን ይሄዳል። ክትትል የማይጠይቅ አዲስ መድኃኒት ይተካዋል የሚል ተስፋ ነበር። ብረት ቫልቭ በሌላቸው፣ ነገር ግን ሩማቲክ የልብ ሕመምና የልብ ምት መዛባት ባለባቸው ከአራት ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ግን ሪቫሮክሳባንን ከእነ ዋርፋሪን ጋር አወዳድሮ፣ በአሮጌው መድኃኒት የታከሙት ያነሰ ሞት እንደነበራቸው አሳየ። በሀብታም አገር ታማሚዎች ላይ የተሞከረ ነገር ለእኛም ይሠራል ብሎ መገመት የሚያስከትለውን አደጋ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ይቅር እያልሁ ነውን? አይደለም። ዛሬ ትንፋሽ ላጠራት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ መከላከል ማውራት ጭካኔ ነው። የምለው፣ የገንዘቡም ሆነ የዜናው ሚዛን ወደ ቀዶ ክፍሉ አጋድሏል ነው። የዳነ ልብ በቴሌቪዥን ይታያል፤ መቶ ሠላሳኛውን መርፌ በሰዓቱ የወሰደች ልጅ ግን ምንም የሚታይ ነገር የላትም፤ ጤነኛ ናት።

መቆጣጠር እንደሚቻል የሚያሳይ አገር አለ። በኩባ፣ ፒናር ዴል ሪዮ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ከ1986 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. አሥር ዓመት የፈጀ ፕሮግራም ተካሄደ። አዲስ መሣሪያ አልነበራቸውም። የጤና ሠራተኞችን አሠለጠኑ፤ ወላጆችንና መምህራንን አስተማሩ፤ የታማሚዎችን መዝገብ ከፈቱ፤ በመዝገቡ ያሉትም መርፌያቸውን መውሰዳቸውን ተከታተሉ። በተማሪዎች መካከል የልብ ሕመሙ ከሺህ 2.27 ወደ 0.24 ወረደ፤ አዲስ የሩማቲክ ትኩሳት ሕመምም ከመቶ ሺህ 18.6 ወደ 2.5 ቀነሰ። ኩባ በየሰፈሩ ሐኪም አላት፤ እኛ የለንም፤ ልዩነቱን አልዘነጋሁትም። እኛ ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለን። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መርፌውን ትውጋ ማለቴ አይደለም። በቀበሌዋ ውስጥ በዚህ ወር ጤና ጣቢያ መሄድ የነበረባት ልጅ መቅረቷን የምታውቅ፣ በሯን የምታንኳኳ ሌላ ሰው ግን በሥርዓቱ ውስጥ የለም።

በወረቀት ላይ ያለው ስምምነት አይጎድለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት፣ ባለሙያዎች ተሰብስበው በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን ያቀረበ መግለጫ አወጡ፤ መግለጫው የአዲስ አበባን ስም ይዞ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል። ከሰባቱ የመጀመሪያው መዝገብ፣ ሁለተኛው በቂ የፔኒሲሊን አቅርቦት ነው። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ በሩማቲክ ትኩሳትና በሩማቲክ የልብ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳለፈ። ለዚህ ብዙ የደከሙት ፕሮፌሰር ማዮሲ ከሁለት ወር በኋላ ከዚህ ዓለም ተለዩ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድርጅቱ የመከላከያና የምርመራ መመሪያ አወጣ።

ለማጠቃለያ ከምናገር ይልቅ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። መቶ ሺህ ሕዝብ ያለው ወረዳ ይኑረን፤ ሩብ ያህሉ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ናቸው እንበል፤ 25 ሺህ ማለት ነው። ጥናቶቹ እንደሚሉት ከሺህ ሃያው የበሽታው ምልክት ካለበት 500 ልጆች ይሆናሉ። ሁሉም መርፌ የሚያስፈልጋቸው ቢሆን እንኳ፣ በዓመት 6500 ብልቃጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ይህን ያህል ብልቃጥ አንድ የወረዳ መጋዘን ያለ ችግር ይይዘዋል። አምስት መቶ ስምም ከአንድ ወፍራም ደብተር አያልፍም። የማናውቀው ደብተሩን ማን እንደሚይዝ፣ ወር በገባ ቁጥር ማን እንደሚከፍተው፣ የቀረችውንም ልጅ ማን እንደሚፈልግ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የምርምር ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ከዚህ ፋኩልቲ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ መርጣችሁ የመርፌ መዝገቡን ብታዩ፣ ባለፈው ዓመት ከአሥራ ሦስቱ መርፌዎች ስንቱ እንደተወጋ፣ ያልተወጋውም በታማሚው ወይስ በመጋዘኑ ምክንያት እንደቀረ ብትቆጥሩ፣ እኔ በደስታ አማካሪያችሁ እሆናለሁ።